ቡልቡላ ላይ ታቦት ወጣ የተባለ ዕለት

ሰፈራችን ውስጥ እስከ ዛሬ ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው፣ ቦሌ ቡልቡላ ላይ ታቦት ሊወጣ ሲል አንዲት ክፉ ሴት ጮኻ አስቀረችው የሚል ነው። ሁለተኛው እውነቱ ነው። ክፉዋ ሴት እኔ ስለሆንኩ እውነቱን ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

የምሠራው ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ፣ ጂ ፕላስ ፎር በሚገነባበት ሳይት ላይ ነው። ስቶር ኪፐር ነኝ። በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ውስጧ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ሚስማር፣ አካፋ፣ ዲጂኖ፣ ገመድና መሰላል ይቀመጣል። ከእኔ እጅ ያለ ወረቀት አንዲት ሚስማር አትወጣም። ጥያቄ ይሞላል፣ ፎርማኑ ይፈርማል፣ የዕቃ ማውጫ ደረሰኙ ሞዴል ሃያ ሁለት ይቆረጣል፣ ከዚያ ዕቃው ይወጣል። የቀን ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «ማዘር» ይሉኛል፤ ዞር ስል ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። የዛሬ ሰው ንብረት የሚጠብቅ ሁሉ ንፉግ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣሁት የሚጠይቀኝ ሰው ሲገኝ «ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነበርኩ» እለው ነበር። ውሸት ነው። የሠራሁት በቀድሞው ጦር፣ የጥይትና የቦምብ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ተመዘገብኩ፤ አራት ዓመት ሳጥን ስቆጥርና ስመዘግብ ኖሬ አሥር አለቃ ደረስኩ። ሰማንያ ሦስት ላይ መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እኔም ካምፕ ገብቼ ወራት ተቀምጬ መሸኛ ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ «የደርግ ወታደር» የሚለው ስም በሄድኩበት ሁሉ ቀድሞኝ ይደርስ ጀመር። አከራዩ ክፍሉ ተይዟል ይለኛል፤ ቀጣሪው ነገ ተመለሺ ይለኛል። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ሌላ ስድብ ይጨመርበታል፤ እሱን አልጽፈውም። አንድ ቀን ወሎ ሰፈር አንዲት ባለሱቅ «ቀደም ሲል ምን ትሠሪ ነበር?» ስትለኝ ምላሴ ራሱ «ትምህርት ቤት» አለ። የዚያኑ ዕለት ሥራ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ውሸት እየጠገንኩ ሠላሳ ዓመት ኖርኩባት።

ባሌ ያውቅ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና ሳይናገር ሞተ። ማወቅ ሲገባቸው ያላወቁ ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ።

አንዱ የንስሐ አባቴ ናቸው። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሳይቀር ለእሳቸው ነግሬያለሁ። ወታደርነቴን አልነገርኳቸውም። ረስቼው አልነበረም። ኃጢአት ነው ብዬ ስላላመንኩ ነው። ኃጢአት ያልሆነ ነገር ለምን እናዘዛለሁ?

ሁለተኛዋ ጎረቤቴ ናት። የብሎካችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናት፤ በስድስት ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን እዚህ ከገባን ጀምሮ አልተለያየንም። ባሌ ሲሞት ዐርባ ቀን ሙሉ ከአጠገቤ ያልጠፋችው፣ ወገቤን ሲያመኝ ደረጃውን ደግፋ ያወረደችኝ እሷ ናት። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ የታላቅ ወንድሟ ፎቶ አለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወስደው ገደሉት፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጧቸውም። ፎቶውን ባየች ቁጥር «የእነሱን ልብስ የለበሰ ሁሉ እጁ ላይ ደም አለ» ትላለች። እኔ ያን ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቢሆንም ይህን ስትል ወሬ ለውጬ እነሣለሁ። ካወቀች እንደማጣት አውቅ ነበር። ይህንን ፈርቻለሁ ለማለትም አላፍርም፤ በዚህ ዕድሜ ጓደኛ ከየት ይመጣል?

ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ከወጣ ብዙም አልቆየም፤ የቡልቡላ መረሬ አፈር ገና ውሃ እንደጠገበ ነው። ዛሬ ሕንጻ በሕንጻ የሆነው ሁሉ ትናንት የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ስለዚህ መሬቱን ስትቆፍሩት ምን እንደሚያወጣ አይታወቅም። የኤክስካቫተሩ ኦፕሬተር ዝምተኛ የወሎ ሰው ነው፤ ለሕንጻው መሠረት ከሚቆፍረው ጉድጓድ አፍ ላይ ሆኖ ሲሠራ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩን ቀጥ አደረገው። ናፍጣ ጨርሶ ይሆናል ብዬ የጥያቄ ወረቀት ሳዘጋጅ እልልታ ሰማሁ።

ሳይት ላይ እልልታ ተሰምቶ አያውቅም። ወጣሁ። ሦስት ሜትር ያህል በሚሆነው ጉድጓድ ውስጥ፣ በአንደኛው ግድግዳ በኩል፣ ከጥቁሩ አፈር ግማሹ የወጣ ረጅም የእንጨት ሳጥን አለ። ዙሪያውን በቀይ ጨርቅ ታስሯል። ከሥሩ ውሃ ይመነጫል። በአጥሩ በኩል ታልፍ የነበረች አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ተንበርክካ እልል ትላለች። «ታቦት ወጣ!» የሚለው ድምፅ ከብሎክ ብሎክ ሲተላለፍ ይሰማኛል።

ሰዉን ሞኝ ነበር አልልም። በአገራችን በጦርነት ዘመን ታቦት ይቀበራል፣ በሰላም ዘመን ይወጣል። ይህን ስንሰማ ነው ያደግነው፤ እኔም አምናለሁ። ሌላ አገር ከመሬት ውስጥ ሳጥን ቢወጣ ወርቅ ነው ይሉ ይሆናል፤ እኛ ደግሞ ታቦት ነው እንላለን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉድጓዱ ዙሪያ እግር መጣያ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ «እዚህ ላይ ጥንት ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ አባቴ ይሉ ነበር» አሉ። እኚህን ሰው አሥር ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ አባታቸው እንዲህ ይሉ እንደነበር ከዚያ ቀን በፊት አንድም ጊዜ ነግረውኝ አያውቁም። ሴቶቹ ጸበል ነው እያሉ፣ ባልዲ በገመድ እያወረዱ ያን የዛገ የጭቃ ውሃ በሃይላንድ ይቀዱ ጀመር። የእድር ሰብሳቢዋ ጓደኛዬ ከሁሉ ፊት፣ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ሁለት ሃይላንድ ይዛ ቆማለች። ሙስሊሙ ኦፕሬተር ሳይቀር ለሰዉ እምነት ብሎ ቦት ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆሟል።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። በሳጥኑ ጎን የገመድ እጀታ አለ። ሁለት የብረት መቆለፊያዎች አሉት። ጭቃው ከታጠበበት ላይ አረንጓዴ ቀለም ይታያል፤ አረንጓዴው ላይ ደግሞ ነጭ ቁጥር። የሞርታር ቦምብ ሳጥን ነው። ከሁሉ የባሰው ቀዩ ጨርቅ ነበር። ግምጃ ቤታችን ውስጥ ደንብ ነበረን፤ ሊተኮስ ተዘጋጅቶ፣ የሚያፈነዳው ፊውዝ ተገጥሞበት፣ ሳይተኮስ ከግንባር የተመለሰ ቦምብ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። ለብቻው ሳጥን ይገባና በቀይ ጨርቅ ይታሰራል። አትነካኩት፣ አታነቃንቁት፣ ባለሙያ ጥሩ ማለት ነው። ያን ጨርቅ በገዛ እጄ ስንቴ አስሬዋለሁ! ሠራዊቱ ሲበተን ማን ጭኖ እዚህ ማሳ ላይ እንደቀበረው አላውቅም። ውስጡ ያለው ግን አልጠፋኝም።

መጀመሪያ ለፖሊስ ደወልኩ። ሌሎች ቀድመውኝ ታቦት ወጣ ብለው ደውለው ኖሯል፤ ስልኩን ያነሣው ልጅ ግራ ገባው።

«እናቴ፣ ታቦት ነው ወይስ ቦምብ?»

«ቦምብ ነው።»

«ባለሙያዎች እንልካለን፤ ሰው እንዳይጠጋ ያድርጉ።»

ማድረጉ ነው ጭንቁ። ፎርማኑን ጎትቼ ከስቶሩ ጀርባ ወሰድኩት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ፍርሃት ነው ያደከመው። እሱ ደግሞ በራሱ ጭንቅ ተወጥሯል።

«ማዘር፣ አለቀልን፤ ቦታው ለቤተ ክርስቲያን መሰጠቱ ነው፤ ሁላችንም ሥራ ፈታን» አለኝ።

«ታቦት አይደለም፤ ቦምብ ነው» አልኩት።

ፊቱ ሲሚንቶ መሰለ። «እሱማ ይብሳል! ሳይቱን ያሽጉታል! በናትሽ ዝም በይ! ደግሞ አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሲኒማ ላይ አይቻለሁ።»

«ሲኒማ ላይ!» አለና በሳቅና በለቅሶ መካከል ሆኖ ጥሎኝ ሄደ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ የቆመችውን ጓደኛዬን እያየሁ ፖሊስ ይደርሳል፣ ሳልናገር ያልፋል ብዬ አሰብኩ። ደግሞም አንድ ነገር አበረታታኝ። ታቦት ነው ብለው ስላመኑ ማንም ሳጥኑን አልነካም። ምእመን ታቦት አይነካም። ያ ሁሉ ሕዝብ በእምነቱ ምክንያት ከሞት በጥቂት ክንድ ርቆ ቆሞ ነበር።

መንካት የሚችለው ግን መጣ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተ፤ ዲያቆን ዣንጥላ ዘርግቶላቸው የንስሐ አባቴ ደረሱ። ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው፣ ቀጭን፣ እንባቸው ቅርብ የሆነ ሰው ናቸው። ሳጥኑን ሲያዩ መስቀላቸውን አወጡ። ጸሎት አደረሱ፤ ካባቸውን አውልቀው ለዲያቆኑ ሰጡ። መሰላል፣ ገመድና ዲጂኖ ይምጣ ተባለ። ሳጥኑን ከአፈሩ ፈልቅቀው፣ አቅፈው ሊያወጡት ነው።

ፎርማኑ እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። «መሰላል!»

ስቶሩን ቆልፌ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። «ሞዴል ሳይቆረጥ መሰላል አይወጣም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ጥያቄ ሙላ። ፈርም። ከዚያ አያለሁ።»

ጊዜ መግዛቴ ነበር፤ ሌላ ምን መሣሪያ ነበረኝ? እሱ የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዶ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረወረልኝ። አነበብኩት። «ቀን የለበትም» ብዬ መለስኩለት። ከኋላው የነበሩት ሰዎች መንጫጫት ጀመሩ። «ለታቦት ሞዴል ትጠይቃለች!» አለ አንዱ። እኔም ንዴቴ አፌን ቀደመኝና «ለታቦትም ቢሆን ወረቀት ወረቀት ነው!» አልኩ። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ ይቆጥሩብኛል። እውነትም ባልላት ጥሩ ነበር።

ምንም አልጠቀመኝም። ሁለት ጎረምሶች ከጎረቤት ሳይት የአጣና መሰላል ተሸክመው መጡ፤ ዲጂኖም አገኙ። መሰላሉ ወረደ። የንስሐ አባቴ ጫማቸውን አወለቁ፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው አንድ እግራቸውን መሰላሉ ላይ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር የለም። ሰዉን በክርኔ እየገፋሁ ሮጬ ደረስኩና መሰላሉን በሁለት እጄ ይዤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ።

«አይወርዱም!»

በዚያች ቅጽበት አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ቡልቡላ ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ ይህ ሁልጊዜ ያለ ነው፤ ሰው ወሬውን አቋርጦ ቆሞ ይጠብቃል። እኔም አፌን ከፍቼ፣ መሰላሉን ይዤ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ ጠበቅኩ። እንደዚያ ቀን የረዘመ አውሮፕላን አላውቅም።

«አባቴ፣ አይውረዱ። ታቦት አይደለም፤ ቦምብ ነው። ከተነቃነቀ ይፈነዳል።»

እልልታው ቆመ። ከዚያ ስድቡ መጣ። መናፍቅ ያለኝ አለ፣ ጋኔን ይዟት ነው ያለ አለ፣ በሃይላንዱ ውሃ የረጨኝም አለ። የንስሐ አባቴ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው፤ ከመናገራቸው በፊት ግን ጓደኛዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ ለእኔ አፍራ፣ ለእኔ ፈርታ ነው። ጉዱ ይህ ነበር፤ ልታድነኝ ነው የመጣችው።

«አንቺ፣ ምን ነካሽ? ነይ ውጪ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባታችን ፊት እንዲህ ይባላል? ዕድሜሽን ሙሉ ትምህርት ቤት ደብተር ስትቆጥሪ የኖርሽ ሴት ስለ ቦምብ ምን ታውቂያለሽ?»

እጇ ሞቃት ነበር። ሰው እውነት ሲናገር ይቀለዋል ይላሉ፤ እኔን አልቀለለኝም።

«ደብተር አልነበረም የምቆጥረው፣ እትዬ» አልኩ። «ቦምብ ነበር። የቀድሞው ጦር ወታደር ነበርኩ። አሥር አለቃ። ይህን ዓይነት ሳጥን አራት ዓመት ሙሉ ቆጥሬያለሁ። ቀዩን ጨርቅ የምናስረው እኛ ነን፤ አትንኩት ማለት ነው።»

እጄን ለቀቀችኝ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ፊቷን ማየት አልቻልኩም፤ አላየሁትም።

የንስሐ አባቴ ግን ትክ ብለው አዩኝ። ስናዘዝ የሚያዩኝ አስተያየት ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«ብትሳሳቺስ፣ ልጄ? ታቦት ቢሆንስ?»

«እኔ ከተሳሳትኩ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ያዘዙኝን እሰግዳለሁ። እርስዎ ከተሳሳቱ ግን እዚህ የሚናዘዝ ሰው አይተርፍም።»

መሰላሉ ላይ ያደረጉትን እግራቸውን መልሰው አፈሩ ላይ አሳረፉት። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ልጆቼ፣ ወደ አስፋልቱ። ሁላችሁም። ማንም እንዳይቀር» አሉ። እኔን አምነው ይሁን ለሕዝቡ ሳስተው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ሰዉ እያጉረመረመ፣ እየረገመኝ፣ ቢሆንም ሄደ። ኦፕሬተሩ ቦት ጫማውን አጠለቀና ያለ አንዲት ቃል ከእኔ ጋር ቆመ። ሁለታችን ፌሮ እየተከልን ጉድጓዱን በገመድ አጠርነው። ያን ገመድ ያለ ሞዴል ነው ያወጣሁት፤ በሥራ ዘመኔ የመጀመሪያው ነው።

ባለሙያዎቹ ደርሰው ሥራቸውን ሲጨርሱ ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ሰዉ አስፋልቱ ማዶ ቆሞ ያያል፤ ጓደኛዬም እዚያው ናት፤ ሃይላንዶቿን አልጣለቻቸውም። የቡድኑ አለቃ ወጣት መኮንን ነው፤ ከልጄ አይበልጥም ብል ይቀላል፣ ልጅ የለኝም እንጂ። ላቡን እየጠረገ ወደ እኛ መጣ። ሳጥኑ በሞርታር ቦምብ የተሞላ መሆኑን፣ አምስቱ ፊውዝ የተገጠመባቸው መሆኑን፣ ፊውዞቹም ዝገው የሰው ትንፋሽ የሚጠብቁ መሆናቸውን ነገረን። ፎርማኑ ቁጢጥ አለ። የንስሐ አባቴ አማተቡ።

«ማን ነው የለየው?» አለ መኮንኑ ወረቀቱን አውጥቶ።

«የእኛ ስቶር ኪፐር» አለ ፎርማኑ ፈጥኖ፤ አሁን የእሱ ሆንኩ።

መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ። «እንዴት አወቁ፣ እናቴ?» ነገርኩት። ብዕሩን አቆመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ደግ ልጅ ነበር። «ሰው ይሰማል። ይህን ባልጽፈው ይሻላል። ጥርጣሬ ያደረባት ሠራተኛ ጠቆመች ብዬ ልለፈው፤ ኋላ ነገር እንዳይበዛብዎት።»

ደግነቱ ገብቶኛል። ግን አበሸቀኝ። ሠላሳ ዓመት በየቢሮው፣ በየቤቱ፣ በየለቅሶው ራሴን ጥርጣሬ ያደረባት ሠራተኛ አድርጌ ኖሬያለሁ። የዚያን ዕለት በዕውቀቴ ሰው አተረፍኩ፤ ዕውቀቱ ደግሞ ከሰማይ አልወረደልኝም።

«ጻፈው» አልኩት፣ አስፋልቱ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ። «አሥር አለቃ። የመሣሪያ ግምጃ ቤት። አራት ዓመት። አንዱንም እንዳትተው።»

ጻፈው። አንብቦልኝ ፈረምኩበት።

አመስጋኝ አልጠበቅኩም፤ አልመጣምም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንደምን አደርሽ ይሉኝ የነበሩ ጎረቤቶች ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ «የደርግ ርዝራዥ» የሚለው ስም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሩን አንኳኩቶ ገባ። ለታቦት ሞዴል የጠየቀች ሴት የሚለውም ታከለበት። ቦምብ ያቀፈ ውሃ ነው ቢባልም ያን ውሃ የደፋው የለም፤ አንዳንድ ቤት እስከ ዛሬ ፍሪጅ ውስጥ አለ። ይህ ሁሉ አላመመኝም፤ ያናድደኛል እንጂ አያመኝም። ያመመኝ የጓደኛዬ ዝምታ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። ስትስል እሰማታለሁ፤ ማሰሮዋ ሲወድቅ እሰማለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሬን አላንኳኳችም። ማታ ማታ የሠራሁትን ወጥ ለሁለት እየለካሁ ብቻዬን እበላለሁ፤ አልቅሼም አውቃለሁ።

በአራተኛው ሳምንት የንስሐ አባቴ ለሽምግልና መጡ። ተቀመጡ፤ ውሃ ብቻ ጠጡ። ከጓደኛዬ ዘንድ ነበር የመጡት።

«ልቧ ቆስሏል፤ ግን ትወድሻለች» አሉኝ። «ብዙ አልጠየቀችም። አንዲት ቃል ብቻ ነው። ወድጄ አልገባሁም፣ ተገድጄ ነው በይልኝ ትላለች። ያን ጊዜ ስንቱ ታፍሶ ሄዷል። ይህን በያትና ይለቅ።»

ቀላል ነበር። እውነትም ስንቱ ታፍሶ ሄዷል፤ የሚጠራጠረኝ አይኖርም ነበር። ግን እኔን ማንም አላፈሰኝም። ከሰባት ልጆች አንዷ ነበርኩ፤ አባቴ ለማላውቀው ሰው ሊድረኝ ሲል በራሴ እግር ሄጄ ተመዘገብኩ። ሠራዊቱ ልብስ ሰጠኝ፣ ሥራ ሰጠኝ፣ የምችለውን ነገር አሳየኝ። አገሬን እጠብቃለሁ ብዬም ነበር፤ በዚህም አላፍርም። ያ መንግሥት የሠራውን ግፍ ማንም አይነግረኝም፤ አውቀዋለሁ፤ አልሸፋፍነውም። እኔን ግን በሠራሁት ልክ ይስፈሩኝ።

«አባቴ» አልኩ፣ «ይህን ብዬ ሳበቃ ለእርስዎ መናዘዝ አለብኝ። ለውሸት ስንት ስግደት ያዙኛል?»

በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ፈገግ አሉ። «ታዲያ ምን ብዬ ልመለስ?»

«ምንም አይበሉ። እኔው እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተች። ከስታለች። ከትከሻዋ በላይ ወንድሟ ከግድግዳው ላይ ያየኛል፤ መልከ መልካም ልጅ ነበር። ግቢም አላለችኝም፣ ሂጂም አላለችኝም።

«ተገድጄ አልገባሁም፣ እትዬ» አልኳት። «ፈልጌ ነው። ወንድምሽ ሲሞት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ደሙ እጄ ላይ የለም። ስለዋሸሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እሱ በደል ነው። ወታደር ስለሆንኩ ግን ይቅርታ አልልሽም።»

እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ትገፋው ጀመር። ልቤ ተሰበረ፤ ቢሆንም አልለመንኳትም፣ እግሬንም አላስገባሁም።

«ዝጊው» አልኳት። «ዝጊው እትዬ፣ ግድ የለም። ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ የምትዘጊበት እጅ አይኖርሽም ነበር።»